አናቶሚውን ተዪው፤ ፎርሙንና የውኃ ዋናውን ያዢ

እህታችን፣ ቤተስዳ ባለው የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በባሕር ኃይል በኩል ስለተቀበሉሽ እንኳን ደስ አለሽ። ትምህርቱ ኦገስት ላይ እስኪጀመር አናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር ትምህርት) ላንብብ ወይ ብለሻል። አታንብቢ። በወራት የምታነቢውን ክፍል ውስጥ በሁለት ሳምንት ያልፉታል።

ጊዜሽን የሚፈልገው የደኅንነት ማጣሪያው ፎርም፣ ኤስኤፍ-86 ነው። የ10 ዓመት አድራሻ ክፍተት ሳይኖረው ይጠይቃል፤ የወላጅና የወንድም እህት ሙሉ ስምና የትውልድ ቀንም እንዲሁ። የእኛን ልጆች የሚያደናቅፈው እዚህ ላይ ነው። እናትሽ ጥር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ከተወለዱ፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 ነው። ስምንት ዓመት ብቻ ደምረሽ ቀኑን እንዳለ ብትተዪው ስህተት ነው። ኢሚግሬሽን ወረቀታቸው ላይ ሌላ ቀን ካለ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በማብራሪያው ቦታ ጻፊ። የእናትሽና የአንቺ የመጨረሻ ስም ለምን እንደማይገጥምም እዚያው አስረጂ፤ መርማሪው የአያት ስም አጠራራችንን አያውቅም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችሽን መደበቅ ግን ዘመድ ከመኖሩ የበለጠ ይጎዳሻል።

ቀጥሎ ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ላይ 5 ሳምንት የመኮንንነት ሥልጠና አለ። የዋና ፈተናው ከከፍታ ወደ ጥልቅ ውኃ መዝለል፣ 50 ያርድ መዋኘትና 5 ደቂቃ በደረት መንሳፈፍ ነው። ዋና የሚችሉትም የሚቸገሩት በመንሳፈፉ ነው፦ ጭንቅላት ቀና ሲል ዳሌ ይሰምጣል። ፊትሽን ውኃ ውስጥ ክተቺ፣ ሳንባሽን ሙዪ፣ ለመተንፈስ ብቻ ቀና በይ። ከአሁኑ በሳምንት ሦስት ቀን ገንዳ ግቢ። የወታደር ቦቲውንም እቤት እያደረግሽ አለማምጂው፤ አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል።

ትምህርቱ ክፍያ የለውም፣ ደመወዝሽም የመኮንን ነው፤ የመጀመሪያው ሊዘገይ ስለሚችል የሁለት ወር ወጪ ያዢ። በምላሹ ከተመረቅሽ በኋላ 7 ዓመት ታገለግያለሽ፤ የሬዚደንሲው (ከምረቃ በኋላ ያለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ለወላጆችሽ ይህን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው።

ለእረፍት ኢትዮጵያ መሄድ ከፈለግሽ ደግሞ አስቀድመሽ የአዛዥ ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ ፈቃዱ በእጅሽ ሳይገባ ትኬት አትቁረጪ።