የደፋሁት ወተት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ነርስ የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ «ሲስተር፣ ሥራ ስገባ ልጄን ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን በአዋላጅነት ያሳለፍሁ ነኝና መልሱ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ጥያቄዋ የ1990 ዓ.ም. ጸጸቴን ቀሰቀሰብኝ።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራ ነበር። የጊዜው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ብቻ ይፈቅድ ስለነበር፣ ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ሳትነሣ እኔ ሥራ ገባሁ። ጠዋት እናቶችን ሰብስቤ «ቅቤ አታልሱ፣ ውኃም አታቅምሱ፣ ጡት ብቻ ስጡ» እያልሁ አስተምራለሁ፤ ረፋድ ላይ ጡቴ አጋቶ ነጭ ጋውኔን ሲያርሰው ዕቃ ክፍል ገብቼ በሩን እቆልፍና በብረት ኩባያ አልበዋለሁ። ከዚያም ቧንቧውን ከፍቼ፣ ለብ ያለው ወተት ከውኃው ጋር ነጭ ሆኖ ሲወርድ እያየሁ እደፋዋለሁ። በዚያው ሰዓት ልጄ ቤት ውስጥ በጡጦ የላም ወተት ትጠጣ ነበር። ሦስት ወር ሲሞላት ተቅማጥ ያዛት፤ ዓይኗ ሰርጉዶ ሦስት ሌሊት ታቅፌአት አደርሁ። ስትድን የእኔ ጡት ደርቆ ነበር።

የታለበ ወተት በንጹሕ ዕቃ ለሰዓታት እንደሚቆይ አውቅ ነበር፤ ቤቴም ከክሊኒኩ ሩቅ አልነበረም። ኃላፊዬን አንድ ሰዓት ለመጠየቅ ያፈርሁት «ከወለደች ወዲህ ሥራ ጠላች» እንዳልባል ብዬ ነው።

እናንተ የዛሬዎቹ ከእኛ ደፋሮች ናችሁ፤ ሆኖም የቆርቆሮ ወተት ቶሎ ትጀምራላችሁ፣ ከአዋላጅም ይልቅ ስልካችሁን ታምናላችሁ። ይህን ስል ራሴ ያደረግሁትን ረስቼ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ 90 ቀን አድርጎታል፤ ይህም ቢሆን ልጅ ጡት ብቻ ሊጠባ ከሚገባው 6 ወር ገና ሩቅ ነው። ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ደግሞ አራስ ለመጠየቅ እንጂ አራስ ለመርዳት አይበቃም።

ለነርሷ ማለብን ከዛሬ ጀምራ እንድትለማመድ፣ ወተቱን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ እንድታስቀምጥ፣ ፍሪጅ ከሌለ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳታቆየው፣ ሞግዚቷም በጡጦ ሳይሆን በሲኒ እንድታጠጣው ነገርኋት። የማለቢያውን ሰዓት ግን ፈቃዷ ሳያልቅ ኃላፊዋን እንድትጠይቅ አጥብቄ ለመንኋት።

«እንቢ ካሉሽ ደውይልኝ፤ አብሬሽ እገባለሁ» አልኋት።