«በማን ተከሰተ?» የሚል ሰው አለ?

ጥያቄ፦ አንዱ ወገን ሌላውን ባጠቃ ጊዜም ዜናው «ግጭት ተከሰተ» ይላል። አነጋገሩ ትክክል ነው? ወይስ እኔ ነኝ ነገር ያበዛሁት?

መልስ፦ ኧረ አላበዙም። እኔም ይህን ሐረግ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል።

ከ«ግጭት» እንጀምር። «ገጨ» ሲሆን ገጪና ተገጪ ለየብቻ ናቸው። «ተጋጨ» ሲሆን ግን ተደራራጊ ግስ ነው፤ ሁለቱም ገጪ፣ ሁለቱም ተገጪ። የዜናው «ግጭት» የሚከተለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ቃሉን ስንመርጥ ጥፋቱን ለሁለት አካፍለን ጨርሰናል። «ጥቃት» ግን አጥቂና ተጠቂ ይለያል።

የባሰው «ተከሰተ» ነው። (በንጉሡ ሠ ቢጻፍ ደስ ይለኛል፤ የሚሰማኝ ግን የለም።) በግዕዝ «ከሠተ» ገለጠ፣ ከፈተ ማለት ነው። «ተከሠተ» ደግሞ ተገለጠ፣ ታየ። ተሰውሮ የኖረ ነገር መጋረጃው ሲነሣለት ማለት ነው። እንግዲህ «ግጭት ተከሰተ» ሲባል ግጭቱ እንደ ቀስተ ደመና ብቅ አለ እንጂ ማንም አላመጣውም።

«ጋዜጠኛ ዳኛ አይደለም፤ ገለልተኛ ቃል ይመርጣል» የሚሉ አሉ። አድራጊው ካልታወቀ እሺ። ታውቆ ሳለ መሸሸግ ግን ምኑ ነው ገለልተኝነቱ? ቃል ብቻውን ምን ያደርጋል ለሚሉኝም መልስ አለኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ 600 ሰው ይገድላል የተባለ በሽታ በምናብ አቀረቡ። ሁለት አማራጭ ሰጡ፤ አንዱ ቁርጥ ያለ፣ ሌላው ዕድል የሚሞከርበት። ቁርጡ «200 ሰው ይድናል» ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶው መረጠው። ያንኑ «400 ሰው ይሞታል» ብለው ለሌሎች ሲያቀርቡት የመረጠው 22 በመቶው ብቻ ነበር። ሒሳቡ ያው ነው። የተለወጠው ግሱ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ስሕተት ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። «ተከሰተ» ዛሬ «ሆነ»፣ «ደረሰ» ማለት ሆኗል፤ «ክስተት»ም ሥር ሰዷል። እሺ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ይሁን። ሰው ለሠራው ግን እኔ «ጥቃት ተፈጸመ» እላለሁ። «እሱስ ተደራጊ ግስ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ነው። ግን አንባቢው ወዲያው «በማን?» ይላል። «በማን ተከሰተ?» ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ?