ፎርሙ ላይ ያለችውን ትንሿን ሳጥን ባዶ እንዳትተዪያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «የ10 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። ከትምህርት ቤት መልስ ቤት ተቀምጦ ነው የሚውለው። ዋና ላስመዘግበው ብሄድ እንዲህ ዓይነት ልጅ አንይዝም አሉኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የት ልውሰደው?» ነው ያልሽው። እኔም ሜሪላንድ ነኝ፣ የኔ ልጅ አሁን 14 ዓመቱ ነው። ይኸው ነገር ደርሶብኛል። ያየሁትን ልንገርሽ።

1. መመዝገቢያው ፎርም ላይ «ልጁ ልዩ ድጋፍ ይፈልጋል ወይ?» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እኔ ሳልሞላት አለፍኩ። ሁለት ዓመት ያስከፈለችኝ እሷ ናት።

ካወቁ አይቀበሉትም ብዬ ፈርቼ ነው። እውነቱን ለመናገር ያኔ ለቅርብ ዘመድ እንኳ አልነገርኩም። «ትንሽ ዝምተኛ ነው» እያልኩ ነበር የማልፈው። በሁለተኛው ቀን አሰልጣኟ ፊሽካ ስትነፋ ልጄ ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፍኖ ከገንዳው ወጣና ሮጠ። ጥልቁ ገንዳ አፋፍ ላይ ሲደርስ ላይፍ ጋርዱ ክንዱን ይዞ አስቀረው። እኔ ከነጫማዬ ልዘል ነበር። ፊሽካ እንደሚያስጨንቀው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለአሰልጣኟ ግን ማን ነገራት?

ከዚያ ሪሴፕሽን ጠሩኝ። ሴትየዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «ለሱ የሚሆን ክላስ የለንም፣ ከተመለሰ የራስሽን ረዳት ቀጥረሽ አምጪ» አለችኝ። ልጄ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ አጠገቤ ቆሟል። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ያቺ እሺ ማለቴ እስካሁን ታንገበግበኛለች።

ረዳት ቀጠርኩ። በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ8 ወር። የሌሊት ሽፍት እየደረብኩ ከፈልኩ። አቅሜ ሲያልቅ ተውኩት፣ ልጁም ከታብሌቱ ጋር ቤት ቀረ። ክብደቱ ጨመረ፣ እንቅልፉ ተበላሸ።

2. መብትሽን እወቂ። ይህን የነገረችኝ የትምህርት ቤቱ ቴራፒስት ናት። የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤ ዲ ኤ የሚሉት፣ የከተማም ሆነ የካውንቲ መዝናኛ ማዕከል ለልጁ ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ለማስተካከያውም ተጨማሪ ማስከፈል አይችሉም። የጠየቅሽው ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም፤ ግን ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቁ «እንዲህ ዓይነት ልጅ አንይዝም» ማለት አይችሉም። እንዲህ ሲሉሽ «በጽሑፍ ስጡኝ» በያቸው። ድምፃቸው ወዲያው ይለወጣል።

እኔ ሌላ ማዕከል ሄድኩ። በዚህኛው ሳጥኗን ሞላሁ። ምዝገባው ሳይጀመር ሳምንታት ቀድሜ ኢሜይል ላክሁ። ሦስት መስመር ናት። ፊሽካ ያስደነግጠዋል። ትእዛዝ አጭር ይሁንለት። ወደ ሌላ ነገር ሲዞሩ ቀድሞ ይነገረው። በቃ። ደውለው ሌላም ሌላም ጠየቁኝ። አሰልጣኙ ገና የኮሌጅ ልጅ ነው። በፊሽካ ፈንታ ቀይ የመንሳፈፊያ ሰሌዳ ከፍ ያደርጋል። ልጄ ሲደነግጥ እንግሊዝኛው ይጠፋበታል ስለው «ና» እና «ቁም» የሚሉትን ሁለት ቃል ተማረ። «ቁም»ን ሲላት መስማት ነበረብሽ!

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ውሃ ውስጥ ከተተ። ከመግባቱ በፊት ጮክ ብሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል። አብረውት የነበሩት ልጆችም በአማርኛ ይቆጥሩ ጀመር። ክረምቱ ሲያልቅ 25 ያርዱን ከዳር እስከ ዳር ዋኘ። እኔ የማልችለውን ማለት ነው። ዋና ለኛ ልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከቤት ሾልከው ሲወጡ ውሃ ይስባቸዋል። ከቤት ወጥተው ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚወስዳቸው መስጠም ነው። ከሌላው ስፖርት በፊት ዋናውን አስጨርሺው።

3. ትምህርት ቤቱንም አትልቀቂ። በልዩ ትምህርት ሕጉ ስፖርት የልዩ ትምህርቱ አካል ነው። የክፍሉ ስፖርት ካልሆነለት ለሱ የተስተካከለ ስፖርት አይ ኢ ፒው ላይ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለሱ ብቻ በሚያወጣው የትምህርት እቅድ ላይ፣ ይጻፍልኝ በያቸው። ሜሪላንድ ደግሞ አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስፖርት እኩል ዕድል እንዲያገኙ የሚል የራሷ ሕግ ከ2008 ጀምሮ አላት። ታቲያና ማክፋደን የምትባል በዊልቸር የምትሮጥ የሃይስኩል ተማሪ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ እንዳትሮጥ ስለከለከሏት ከሳ የረታችው ነው መንገዱን የከፈተው። ኋላ ብዙ የፓራሊምፒክ ወርቅ አገኘች። ልጅሽ ሃይስኩል ሲገባ ስለ ቦቼ (ኳስ እያንከባለሉ የሚጫወቱት ነው) እና አካል ጉዳት ያለበትም የሌለበትም አብሮ ስለሚጫወትባቸው ሌሎች የጋራ ቡድኖች ጠይቂ።

የአይ ኢ ፒው ስብሰባ ላይ ደግሞ ልጆችሽን አታስተርጉሚ። እኔ ትልቋን ልጄን ወሰድኳት። እንዳላዝን ብላ ከባድ ከባዱን እየዋጠች ነበር የምትነግረኝ። ቤት ገብታ አለቀሰች። ቀድመሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ይምጣልኝ በያቸው፣ በነፃ ነው።

4. ስፔሻል ኦሊምፒክስ የሚባለው የስፖርት ድርጅት። መነሻው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እህት ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር በ1962 በቤቷ ግቢ የጀመረችው የበጋ ካምፕ ነው በ1968 ቺካጎ ላይ ውድድር የሆነው። ለልጆቹ በነፃ ነው። ከ8 ዓመት ጀምሮ ይወዳደራሉ፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉት ለብቻው ፕሮግራም አለ። የተቋቋመው የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ስለሆነ የልጅሽ ሁኔታ ይገባ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂ። ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ፎርምም አለው። እኔ ቀጠሮውን ሳዘገይ አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት አመለጠን። አንቺ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውይ።

ረቡዕ ማታ ሥራ የለኝም፣ ኢንቦክስ ጻፊልኝ። ያችን ሦስት መስመር ኢሜይል እልክልሻለሁ። ፊሽካ የምትለዋን አውጥተሽ ያንቺን ልጅ የሚያስደነግጠውን አስገቢባት።