መልስ፦ ህመምም እንጨትም የሚያጠናው አንድ ሰው ነው?

የቱሉ ዲምቱው አናጢ ወንድሜ፣ ለወገብህ ጥናት ስትፈልግ በአንድ ስም ስለ ሥር የሰደደ ህመም ማገገሚያም ስለ እንጨት ሳይንስም ጽሑፍ አግኝተህ ሰውየው አንድ ነው ወይ ብለሃል። ሁለት ሰው ይመስለኛል። የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያው ጎግል ስኮላር ጽሑፎቹን የሚለቅመው በማሽን ነው፣ ብዙ መጽሔት ደግሞ የስሙን የመጀመሪያ ፊደልና የቤተሰብ ስም ብቻ ስለሚያወጣ ሞክሼዎች በቀላሉ ይቀላቀላሉ። የእኛማ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ፣ ስንቱ ከበደ አንድ ላይ እንደሚታጨቅ አስበው! ስሙን ተወውና ጽሑፉን ክፈት። የሚሠራበትን ተቋምና አብረውት የጻፉትን እይ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ለብቻው የሚሰጠው ባለ 16 አሃዝ የኦርኪድ (ORCID) መለያ ካለም አመሳክር። የተቀላቀለ ዝርዝር ላይ ያለው የጥቅስ ብዛት፣ ማለትም ሌሎች ጽሑፎቹን ስንት ጊዜ እንደጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር፣ እንዳያስደምምህ። ወገብህን ግን ፊዚዮቴራፒስት ይየው፣ ቀኑን ሙሉ መላጊያ ላይ ጎንብሰህ እየዋልክ ንባብ ብቻውን አያድንህም።