የእናትሽ ዕቁብ ለግራፊክስ ካርድ አይውልም

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤሽንም አብሮት የላክሽውን የጌምሽን ቪዲዮም በጥሞና ተመልክቻለሁ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአራተኛ ዓመት የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ነሽ። በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ከሁለት የዶርም ጓደኞችሽ ጋር አንድ የኦንላይን የሚና ጌም (ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ ከሌሎች ጋር የሚጫወተው) እየሠራችሁ ሲሆን፣ የውጊያውንና የዒላማ አመራረጡን ክፍል የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጌሙን ያሳየሻቸው ሰዎች ግን ግራፊክሱን አይተው ፊታቸውን ስላዞሩ፣ አንድ ዓመት ትምህርት አቋርጠሽ የስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ሥራ ለመማር አስበሻል። እናትሽም የዕቁብ ዕጣቸው ሲደርስ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ሊገዙልሽ ቃል ገብተዋል። አባትሽ በበኩላቸው «ጌም የልጅ ነገር ነው፤ ባንክ ግቢ» ይሉሻል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ትምህርትሽን አታቋርጪ፣ ላፕቶፑም አይገዛ። ይህን አጥብቄ የምጽፍልሽ፣ ምክር ፍለጋ የሚመጡ ብዙ ወጣቶች ሥራቸውን በዓይን በሚታየው በኩል ብቻ እየመዘኑ፣ ቀጣሪ የሚፈልገውን ክፍል ራሳቸው አቃልለው ሲያቀርቡት ስለማይ ነው።

በቪዲዮሽ ላይ የጌሙ ጠላቶች የሆኑ ሁለት ጅቦች ተደራርበው ሲመጡ፣ ተጫዋቿ የመረጠችው ዒላማ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይዘል በመጀመሪያው ላይ ጸንቶ ቆይቷል። ጅቡ ከዛፍ ጀርባ ሲሰወርም ጦሩ እንዳይወረወር የከለከለው ሰርቨሩ (የሁሉንም ተጫዋቾች ጌም የሚያስተናግደው ማእከላዊ ኮምፒውተር) ነው እንጂ የተጫዋቿ ስልክ አይደለም። አንቺ ይህን በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሽ፣ ስለ ጅቡ ቆዳ አለማማር ግን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። እኔ ብሆን ያንን ገጽ ለሰርቨሩ እሰጠው ነበር። ርቀትን፣ የፊት አቅጣጫን፣ በመካከል ግርዶሽ መኖር አለመኖሩንና ክህሎቱ (እንደ ጦር መወርወር ያለው የውጊያ ድርጊት) ዳግም ለመጠቀም ዝግጁ መሆኑን ሰርቨሩ ራሱ ሳያረጋግጥ ጉዳት እንዳይመዘገብ ማድረግ፣ ከስልኩ የሚመጣን መልእክት ሁሉ እንደ ጥያቄ እንጂ እንደ ተፈጸመ ነገር አለመቀበል ማለት ነው፤ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ የአራተኛ ዓመት ተማሪ በየቀኑ አይገኝም።

ጓደኛሽ ዒላማ መርጦ መምታት (ጠላትን አንዴ መርጦ ማነጣጠሩን ለጌሙ መተው) ያረጀ ስልት ስለሆነ ሁሉም ነገር በእጅ በማነጣጠር ይተካ ማለቷን ጽፈሻል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኦንላይን ጌም ዛሬም የሚሠራው ዒላማ በመምረጥ ነው። አብዛኞቹ ክህሎቶች በመካከላቸው 1.5 ሰከንድ ያህል ያስጠብቃሉ፤ በፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ መደበኛው ቆይታ 2.5 ሰከንድ ነው። እንዲህ ያለ ምት ባለው ውጊያ የኔትወርክ መዘግየት ተጫዋቹን ብዙም አይጎዳውም። እንደ ቴራ ያሉ ጌሞች በእጅ ማነጣጠርን ሲመርጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጊልድ ዋርስ 2 ሁለቱን ቀላቅሏል፤ ዒላማ ይመረጣል፣ ነገር ግን ተጫዋቹ በወቅቱ ከተስፈነጠረ ምቱን ያመልጣል።

የአንቺ ተጫዋቾች ያሉበትን ቦታ ደግሞ አስቢ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ቢሆን ከጅማ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ ክፍል) በላይ ይፈጃል፤ የገመዱ ዙሪያ ጥምጥም መንገድና የሞባይል ኔትወርኩ ሲታከሉበት 200 ሚሊሰከንድ ቢደርስ አይገርምም። በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ጅብ በዚያች ቅጽበት 1.2 ሜትር ርቋል። በእጅ ያነጣጠረች ተጫዋች ጦሯ ገላውን ሲወጋ በስክሪኗ እያየች፣ ሰርቨሩ ግን «ስተሻል» ይላታል። ይህን ለማቃናት ሰርቨሩ የጅቡን ያለፉ ቦታዎች መዝግቦ ይዞ፣ ተጫዋቿ ስትወረውር ታየው ወደነበረው ቦታ ወደኋላ ተመልሶ መመዘን አለበት። ሥራው የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ወደኋላ የሚመለስበትን ጊዜ ካልገደብሽው፣ ከግንብ ጀርባ ገብቶ የተረፈ ተጫዋች ከተሸሸገ በኋላ ይሞትብሻል። ስለዚህ ያለውን አትለውጪው፣ ለካው። ሊኑክስ ላይ ቲሲ በሚባለው መሣሪያ የ50፣ የ150 እና የ300 ሚሊሰከንድ መዘግየት ሆን ብለሽ ፍጠሪ፤ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንዳስተካከልሽው በሁለት ገጽ ጻፊ። ከቪዲዮሽ ጋር ለቀጣሪ የምትልኪው ይህን ነው።

ግራፊክሱን ዝም ብለሽ ተዪው እያልኩሽ ግን አይደለም። በቪዲዮሽ ላይ እኔን ያስቸገረኝ ከተመረጠው ጅብ እግር ሥር ያለው ቀለበት እንደ ሣሩ አረንጓዴ በመሆኑ ማን እንደተመረጠ ለማወቅ መቸገሬ ነው። ጅቡም ቡናማ፣ መሬቱም ቡናማ ነው። የቀለበቱን ቀለም ቀይሪ፣ ለተመረጠው ጠላት ብቻ ደማቅ የጠርዝ መስመር ስጪው፣ ከባድ ምት ከመምጣቱ በፊት የሚያርፍበትን ቦታ መሬት ላይ በቀይ ክብ አሳዪ። ይህን ሁሉ አሁን ባለሽ ላፕቶፕ፣ በነጻ በሚገኙት የጌምና የስሪዲ መሥሪያ ፕሮግራሞች፣ በጎዶትና በብሌንደር መሥራት ትችያለሽ። በሰከንድ 60 ምስል ለማሳየት ለእያንዳንዱ ምስል ያለሽ ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ መካከለኛ ስልክ ላይ ይህን የሚያሟላ ጌም፣ ውድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አምሮ ከሚታይ ጌም ይልቅ ችሎታሽን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. የ2007ቱን ይዘት ይዞ በ2013 የተመለሰው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ግራፊክሱ እጅግ ቀላል ቢሆንም እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ይጫወተዋል። አንቺ ራስሽን የምታወዳድሪባቸው ጌሞች ደግሞ የብዙ መቶ ባለሙያዎች የዓመታት ሥራ ናቸው፤ ከነዚህም የገጸ ባሕርይ ሠዓሊው፣ የአኒሜሽን ባለሙያውና የኔትወርክ ፕሮግራመሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ወደ ዕቁቡ ልምጣ። እናትሽ ገንዘቡን የሚያገኙት መርካቶ ውስጥ ቅመም ቸርችረው መሆኑን ነግረሽኛል። እንግዲህ ያ ዕጣ የዓመት የንግድ መነሻቸው እንጂ ትርፍ ገንዘብ አይደለም። በፍቅር ቃል ገብተውልሻል፤ ቃላቸውን መቀበል ግን ግዴታሽ አይደለም። ሥራ ባትይዢ እንኳ ዕቁቡን እስከ ዙሩ ፍጻሜ መክፈላቸው አይቀርም። «አሁን አያስፈልገኝም» ብለሽ ቁርጡን ንገሪያቸው።

አባትሽ ደግሞ ስለ ባንክ የሚናገሩት ዲግሪ የያዘ ሁሉ በቀጥታ ይቀጠር እንደነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ለአንድ ማስታወቂያ ስንቱ ተመራቂ እንደሚሰለፍ ቢያዩ ባንክን እንደ አስተማማኝ በር ባልቆጠሩት ነበር። ሆኖም በአንድ ነገር እደግፋቸዋለሁ። በአገራችን የጌም ስቱዲዮ በጣም ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ኩኩሉ የተባለውን ጌም የሠራው ቅኔ ጌምስ ቢኖርም ሁሉም ተመራቂ እዚያ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያ ደመወዝሽን ከጌም ብቻ አትጠብቂ። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ቅጽበት አንድን ጅብ ሲገድሉ ሽልማቱ ለሁለቱም እንዳይደገም የጻፍሽው ኮድ፣ ከአንድ ሒሳብ በአንድ ቅጽበት ሁለት ጊዜ ገንዘብ እንዳይወጣ ከሚጠብቀው ጋር በመሠረቱ አንድ ዓይነት ሥራ ነው። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለረጅም ጊዜ እንጀራዬን የበላሁት በሰርቨርና በኔትወርክ ክፍል ነው፤ መብራት ሲጠፋም፣ መስመር ሲቋረጥም የሚፈለገው የዚያ ክፍል ሰው መሆኑን አይቻለሁ። ለባንክም፣ ለቴሌኮምም፣ ለሞባይል ክፍያ ድርጅትም ስታመለክቺ ለሰርቨር ክፍሉ አመልክቺ፤ ጌሙንም እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን እንደ ዋና ማስረጃሽ አቅርቢው።

ከመመረቅሽ በፊት የምትወስጂውን የመውጫ ፈተና በተመለከተ፣ ከፈተናው በፊት ያሉትን ሁለት ወራት ጌሙን ዝጊና አጥኚ፤ ሳያልፉ ዲግሪ የለም። እንግሊዝኛሽ ደካማ እንደሆነ ጽፈሻል፤ ያልኩሽን ሁለት ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ለአንድ መምህርሽ አሳርሚ። ጓደኞችሽን በተመለከተ ደግሞ፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደሠራና ጌሙ ገቢ ቢያስገኝ ድርሻችሁ ስንት እንደሆነ ሳትመረቁ በጽሑፍ አስፍራችሁ ሦስታችሁም ፈርሙበት።