በ18 ዓመታችሁ «ጡረታ» ለወጣችሁ ዋናተኞች

ሰሞኑን አንድ የምርቃት ድግስ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀውን ወጣት አገኘሁት። ያኔ የዋና ቆቡን ሳያወልቅ ነበር መኪና ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደው። አሁን 23 ዓመቱ ነው። «ዋናው እንዴት ነው?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ እሱማ ድሮ ቀረ!» አለኝ። ድሮ የሚለው የዛሬ አምስት ዓመትን ነው።

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያደጉ ብዙ ልጆቻችን በሰፈር ገንዳ የበጋ ሊግ ዋኝተዋል። ሊጉ በ18 ዓመት ያበቃል። እኛም ወላጆች ጥፋት አለብን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሰን ልምምድ ያደረስናቸው ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ ስለ ዋና መጠየቅ ተውን። ለካ ለእኛ ዋናው ነገር ዋናው አልነበረም፤ የኮሌጁ ማመልከቻ ነበር።

እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲስት ነኝ። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ጊዮን ሆቴል ገንዳ ከጓደኞቼ ጋር እንወራረድ ነበር፤ የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። ከዚያ ስደት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ልጅ ማሳደግ መጣ። ከ22 እስከ 45 ዓመቴ ውሃ ውስጥ አልገባሁም። የመለሰኝ የደም ግፊት ነው።

እዚህ አገር ማስተርስ የሚባል የአዋቂዎች ዋና አለ። የመጀመሪያው ብሔራዊ ውድድር በ1970 እ.ኤ.አ. አማሪሎ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው የተደረገው። 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ይገባል። ሽልማቱ በየአምስት ዓመቱ የዕድሜ ምድብ ነው፤ ስለዚህ 60 ሲሞላው የሚደሰት ሰው ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ወደ ውሃ የምትገቡት ግን በዕድሜ ሳይሆን ርቀቱን በምትጨርሱበት ሰዓት ተደልድላችሁ ነው።

ይሄን ድልድል መጀመሪያ በተወዳደርኩበት ቀን ነው የተረዳሁት። ስዘል መነጽሬ ውሃ ሞላ። ግማሹን መንገድ በዳበሳ ዋኘሁት። ከጎኔ ባለው መስመር ሰባ ያለፋቸው ሴትዮ ነበሩ። ስደርስ እሳቸው ቆባቸውን አውልቀው፣ ገመዱን ተደግፈው ይጠብቁኛል። «ደህና ነህ?» አሉኝ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር!

እናንተን የሚያስቀራችሁ ግን እንዲህ ያለው እፍረት አይመስለኝም። የ17 ዓመት ሰዓታችሁ ነው። «ድሮ 100 ያርድ በ52 ሰከንድ እዋኝ ነበር፣ አሁን 58 ከሆነ ምን ዋጋ አለው?» ትላላችሁ። ያ 52 የመጣው በሳምንት ስድስት ቀን ልምምድ፣ እናት ምሳ ቋጥራላችሁ ነው። አሁን ሥራ ውላችሁ፣ የቤት ኪራይ እየከፈሉ፣ በሳምንት ሁለቴ ለምዶ የመጣ 58 ሌላ ሰዓት ነው። አዲስ መዝገብ ክፈቱለት።

አሜሪካዊውን ዋናተኛ አንቶኒ ኧርቪንን ተመልከቱ። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በ19 ዓመቱ በ50 ሜትር ፍሪስታይል ወርቅ አገኘ። በ22 ዓመቱ ዋናን ተወ፣ ለዓመታት ራቀ። ተመልሶ በ2016 ሪዮ ላይ፣ በ35 ዓመቱ፣ ያንኑ ርቀት እንደገና አሸነፈ። ሁላችንም ኧርቪን አይደለንም፣ አውቃለሁ። ግን 23 ዓመት እንደ መጨረሻ መቁጠር ምን ይሉታል?

«እሺ፣ ለጤናዬ እዋኛለሁ፣ ውድድሩ ለምን?» የምትሉም አላችሁ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ብርድ ሲመጣ እቀራለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ እቀራለሁ። የተመዘገብኩበት ቀን ካለ ግን ጥር ላይም በረዶ ጠርጌ እሄዳለሁ። ስለዚህ «መጀመሪያ ሰውነቴን ላስተካክል» አትበሉ። መጀመሪያ አንድ ውድድር ተመዝገቡ፤ 50 ያርድ ብቻ ይሁን። ከመዝለያው መዝለል ካስፈራችሁ ከውሃው ውስጥ መነሳት ይፈቀዳል። ለትከሻችሁ ስትሉ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀስ በሉ፤ እጃችሁ ውሃውን መያዝ የረሳ ይመስላችኋል፣ ግን ይመለሳል።

ያን ወጣት ግን በሌላ ነገር ነው የያዝኩት። በሜትር በሚለካ ገንዳ፣ አራት ሰዎች በየተራ የሚዋኙበት የቅብብል ውድድር የዕድሜ ምድብ የሚወሰነው በአራቱ ሰዎች ዕድሜ ድምር ነው። እኛ ሦስት ሰዎች አለን፤ 61፣ 58 እና 66። ድምሩ 185 ነው። የእሱ 23 ሲጨመር 208 እንሆናለን፣ ከ200 እስከ 239 ያለው ምድብ ውስጥ እንገባለን። እዚያ ምድብ ውስጥ ባለ 23 ዓመት ልጅ ያለው ቡድን ስንት ይገኛል ብላችሁ ነው? ይሄን ስነግረው ሹካውን አስቀመጠ። «መጨረሻውን እኔ ነኝ የምዋኘው?» አለኝ።