ከሰል ይዛችሁ ሂዱ

ለሐዋሳ ወጣት ሠዓሊዎች፣

ሰሞኑን ከእናንተ መካከል ሁለት ልጆች ቤቴ መጥተው፣ «የከተማችንን የወደፊት መልክ ከነዋሪው ጋር ሆነን ልንስል ነው፤ ምን ይዘን እንሂድ?» አሉኝ። እየተቻኮልኩ ስለነበር «ከሰል» ብያቸው ተለያየን። ምክንያቱን ሳልነግራቸው በመቅረቴ ቆጭቶኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አንድ ትልቅ ሸራ ወጥሬ ነበር። የሐይቁ ዳር ወደፊት ምን መምሰል እንዳለበት ያሰብኩትን ሁሉ ቤቴ ጨርሼ፣ በዘይት ቀለም አሳምሬ ነው ይዤው የሄድኩት። የእግረኛ መንገድ፣ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መብራት፣ ሁሉም አለ። ሰው ከቦ አየና «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ያለፈ ቃል አላገኘሁም። ሸራውን ስጠቀልል የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ስትፍቅ የዋለች እናት እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና «ጋሼ፣ ወንበሩን ያስቀመጡበት ቦታ እኮ ክረምት ውሃ ይገባበታል» አለችኝ።

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጨርሰውት የለም እንዴ?»

ያን ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም። ሰው ያለቀ ነገር አያርምም፤ ያመሰግንና ያልፋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አቡጀዴ ገዝቼ ሐይቁን፣ ታቦር ተራራንና ጥቁር ውሃ ወንዝን ብቻ በከሰል ሣልኩ። ከሰል በመዳፍ ይጠፋል። አንድ የሲዳማ አዛውንት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ ጎንበስ አሉና ከከተማው በስተምሥራቅ ባዶ የተውኩትን ቦታ በአውራ ጣታቸው አጠቆሩት። ጨለለቃ ነው። እሳቸው በልጅነታቸው የሚያውቁት ውሃ ነበር፤ ከደጋው ታጥቦ የወረደው አፈር ሞልቶት ዛሬ ረግረግ ሆኗል። አጠገቤ የነበረው ልጅ ከሲዳሙ አፎ፣ ከሲዳምኛ ማለት ነው፣ እየተረጎመልኝ ነበር፤ እሱ ባይኖር ሁሉም አምልጦኝ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበር ያነሳ ሰው አልነበረም። ሐዋሳ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ፈስሶ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ አፈሩም ቆሻሻውም ከገባ ገባ ነው። ጨርቁ ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ አፈሩና ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ እየተሻማ ይስል ጀመር።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጓቸው ተቀምጠው ሲመክሩ «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ሰው ሳይሰማ ነገር አይቆረጥም። እናንተም ሥዕል ከመዘርጋታችሁ በፊት ይህን ልመዱ።

አዳራሽ ውስጥ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስብሰባ አትጥሩ፤ ሠርቶ አዳሪው አይመጣም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ሴት ልጆችን ማግኘት ከፈለጋችሁ ፈረቃ ሲለቁ ጠብቋቸው። አንዷ ከፓርኩ በር እስከ ተከራየችበት ክፍል ድረስ ሦስት የመብራት ምሰሶ ብቻ ሣለች። «ለእኔ ይሄ ይበቃኛል» አለች። ከከተማዋ የምትጠብቀው ያ ነበር፤ እኔም ምንም አልጨመርኩበትም።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። አንድ መሥሪያ ቤት ለሻይና ለውሃ ሂሳብ ማወራረጃ ብሎ ያስፈረመንን ወረቀት በኋላ «ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል» ለማለት አቅርቦት አይቻለሁ። የእኔም ሥዕል ከጎኑ ተያይዟል። የፈረሙት እናቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ስለዚህ የፊርማው ወረቀት ለምን እንደሆነ በአናቱ ላይ በግልጽ ጻፉ። ተቃውሞውንም ሥዕሉ ላይ፣ ሰው በተናገረበት ቋንቋ፣ እዚያው ጻፉት፤ ለብቻው ተቆርጦ እንዳይቀር። ቦታና ካሳ የመስጠት ሥልጣን እንደሌላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ያሉት ነገር ተፈጸመም አልተፈጸመ ተመልሳችሁ አሳውቁ። እኔ ሳልመለስ የቀረሁበት ሰፈር አለ፣ እስካሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ይከብደኛል።

አቡጀዴው ዛሬም ቤቴ ነው። ከሰሉ እንዳይረግፍ የሚይዝ ፈሳሽ ረጭቼበታለሁ፤ የአዛውንቱ የአውራ ጣት አሻራ ጨለለቃ ላይ በደንብ ይታያል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ሁለታችሁም፣ ሌሎቻችሁም ኑና እዩት።